በግራ በኩል

ዓመት ከመንፈቅ ነው፣ ደወሉ ሲደወል
ከመሸመኛዬ ጉድጓድ ንቅንቅ ሳልል፣
እግሬን ቀብሬ እዚያው መወርወሪያ ስጥል።
«እግዜር እቤቴም አለ» እላለሁ ለጠየቀኝ፣
«ጸሎት እግር አይሻም፤ እዚሁ ነው የሚሰማኝ።»
ውሸት አልነበረም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ፤
ሽሽጉ፣ ያጎቴ ልጅ፣ የአንድ ሙክት ዋጋ ካደኝና ማልሁ፣
እሱ ካለበት ላልቆም ከዚያን ለት በኋላ።

ኅዳር ነው፤ ሰንበት ነው። ውርጩ የመንዝን ሣር እንደ ጨው አጋግሮ፣
ደጄን መታው ዱላ፤ ቆርቆሮው አጓራ ልክ እንደ ከበሮ።
ጋሽ ወልደየስ ናቸው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት የሞሉ፤
«መሪዬ ታማለች፣ እስከ ሚካኤል ደጅ አድርሰኝና ትመለሳለህ» አሉ።

ዓይን ለሌለው ሰው እንቢ አይባል። ጋቢዬን ደርቤ የዱላቸውን ጫፍ ይዤ መራሁ፤
ጨረቃ የለችም፤ ከጓሮዬ ገና ሳልርቅ ተደናበርሁ።
«ወደ ግራ በል፣ ልጄ፣ ከፊትህ ጉድባ አለ፤
ከጅብራው ሥር ቀስ በል፣ ያ ድንጋይ ሰሞኑን ተንጋለለ።»
ማን ማንን እንደመራ ገብቶኛል፤ ዱላውን መልቀቅ ግን አፈርሁ።

ከቅጥሩ ስንደርስ «እንግዲህ ይግቡ» ብዬ ፊቴን ሳዞር፣
ጫማቸውን አውልቀው፣ ቆመው፣ የእኔን ጫማ ይጠብቁ ነበር።
«እንግዳሸት» አሉ፣ «የምቆመው ታውቃለህ፣ ከሰሜኑ በር፤
አንተ በግራዬ ነበርህ። መልክህን አላውቀው፣ ሙቀትህን ግን አውቃለሁ።
ከገደሉ የሚወጣው ነፋስ አንተን ነበር የሚያገኘው።
ከቀረህ ወዲህ፣
ዓመት ከመንፈቅ፣
እኔን ያገኘኛል።
ሰው አልቆመበትም። ‹የእንግዳሸት ቦታ ነው፣ ይመጣል› ይላሉ፤
እንደ ክፍቱ ይተዉታል።»

እኔ ነኝ ለካ ክፍቱ።
ቤቴ ሞቆኝ ተቀምጬ፣ በአንድ ሰው ስፋት ልክ
ቤተ ክርስቲያኑን ሸንቁሬ ኖሬያለሁ።
አንድ ማግ ሲጎድል ባናው የሚላላው በማጉ ልክ እንዳይደለ
ለሸማኔ ማን ይንገረው?

ጫማዬን ፈታሁ። የድንጋዩ ቅዝቃዜ እስከ ጉልበቴ ወጣ፤
ጸሎት ብፈልግ ከአፌ ያደረ ቂም ብቻ መጣ።
«ምን ይዤ ልግባ?» አልሁ።
«ብርድህን ይዘህ ግባ። ሁላችን የያዝነው ያንኑ ነው፤
አንዱ የልጁን ሞት፣ አንዷ ዕዳዋን፣ እኔ ይህን ዓይኔን።
ሞቆት የመጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁ።»
ዝም አሉና «እርግጥ ምንም አላየሁ» ብለው ሳቁ።
ደግሞ ቀጠሉ፤ «ዝግ ብለህ ግባ። ማን መጣ ማን ቀረ እያልህ አትቁጠር፤
በስልክህም ሰዓት አትይ፣ መላእክት አይቸኩሉም።
ከንፈርህ ደርቆ እንቢ ቢልህ የጎረቤትህ አሜን ይሸከምሃል፤
በሌላ ቀን ደግሞ ያንተው እሱን።»

ገባሁ።
ሰሌኑ ላይ የሁለት እግር ስፋት ቦታ፤ ሌላው ሁሉ ተጨናንቋል።
ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላም ተባባሉ ሲል ዞርሁ፤
ሽሽጉ ነው። ፀጉሩ ነጥቷል።
መቼ ነጣ?
ጎንበስ አለ። ጎንበስ አልሁ።
የሙክቱ ነገር ያኔ አላለቀም፤ ዛሬም አላለቀም፤
መሐላዬ ግን ጎንበስ ስል ከኪሴ ወደቀ መሰለኝ፣
ኋላ ብፈልገው አጣሁት።

በቀኜ ጋሽ ወልደየስ መቋሚያቸውን አቀኑና፣ ለራሳቸው ያህል፣
«ቆመ» አሉ።
ስለ እኔ ይሁን ስለ ነፋሱ
አልጠየቅኋቸውም።